በዝናብ ቀን የዱር አበባ ላሳየችን ልጅ

ይህችን ልጅ እግዜር ይስጣት። ቅዳሜ በዚያ ሁሉ ዝናብ ወደ ገጠር ይዛን ወጥታ የዱር አበባ ያሳየችንን የእግር ጉዞ መሪ ማለቴ ነው። ለራሷ አመስግኛታለሁ፤ ግን ሰውም ይስማልኝ።

ከዚህ በፊት በእንዲህ ያለ ጉዞ አንጀቴ አርሯል። ስማቸውን አልጠራም። አንዶቹ ገንዘባችንን አስቀድመው ከተቀበሉ በኋላ ሰማዩ ሲጠቁር "ዛሬ የሚታይ ነገር የለም" ብለው ከመኪና ሳንወርድ መለሱን። ገንዘባችንስ ስንል ስልክ ማንሳት ተዉ። ሌሎቹ ደግሞ የእግር ጉዞ ብለው ሩጫ አስሮጡን። እናቴ ጉልበቷን ያማታል። "መራመድ የማይችል ለምን ይመጣል?" ሲባል በጆሮዋ ሰማች። እሷ ዝም አለች። እኔን ግን እስካሁን ያንገበግበኛል።

ቅዳሜ ጠዋት ዝናቡ ሲጀምር ይቺም ልትሰርዝ ነው ብዬ ደወልኩላት። "እንዲያውም ጥሩ ቀን ነው! ለእማማ ቦቲ ጫማ ያድርጉላቸው፣ ቀስ ብለን ነው የምንሄደው" አለችኝ።

ዳገቱ ስር ስንደርስ ጭቃው ያንሸራትታል። እናቴ "እናንተ ሂዱ፣ እኔ እዚህ እጠብቃለሁ" አለች። ልጅቷ ዳገቱን ቀና ብላም አላየችው። "እማማ፣ እዚሁ ብዙ ጉድ አለ" ብላ ጃንጥላዋን ለእናቴ ሰጥታ ጭቃው ላይ ተንበረከከች። ሁላችንም ከበብናት።

አንዲት ወደ መሬት ያቀረቀረች ሐምራዊ አበባ በጣቷ ቀስ ብላ ቀና አደረገች። ቅጠሉ ሁሉ ውሃ ያንጠባጥባል፣ የአበባዋ ውስጥ ግን ደረቅ ነው። አንዲት ንብ እዚያ ውስጥ ተጠልላ ቁጭ ብላለች! አጠገቧ ያሉት ቢጫዎቹ ጥቅልል ብለው ነበር። "ደርቀው ነው?" አለች እናቴ። "አይደለም እማማ፣ የአበባ ዱቄታቸውን ዝናብ እንዳያጥበው ዘግተው ነው። ፀሐይ ሲወጣ ይከፈታሉ።" ከዚያ አጉሊ መነጽር አቀበለቻት። መሃሉ ቢጫ የሆነ ነጭ አበባ ነበር፤ አንድ አበባ የሚመስለው ለካ የብዙ ጥቃቅን አበቦች ስብስብ ነው። የሳይንስ ስሙንም ነግራን ነበር፤ በአንዱ ጆሮዬ ገብቶ በሌላው ወጣ። እናቴ ግን መነጽሩን አልመልስም አለች። ጡረታ ከወጣች ወዲህ እንዲህ ስትጠያይቅ አይቻት አላውቅም። ማታ ለእህቴ ደውላ ስለዚያች ንብ ስታወራ አመሸች።

አንዱ አብሮን የነበረ ሊቀጥፍ እጁን ሲዘረጋ ደግሞ ሳትቆጣው "ተወው፣ ዘሩን ይጣልበት" አለችው። እንዲህ ያለ ለዛ!

እባካችሁ ከእሷ ጋር ሂዱ። ወላጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ስሟን በአደባባይ እንዳልጽፍ ለምናኛለች፤ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሷን አስፈቅጄ አገናኛችኋለሁ። ዝናብ ነው ብላችሁ ደግሞ እንዳትቀሩ። ቅያሪ ካልሲ ብቻ ያዙ።