ለምናለሽ ተራው ምጣድ ሠሪ

እንጀራ የሚጋግር ሰው ይረዳኛል። አብሲቱ ተጥሎ፣ ሊጡ ኩፍ ብሎ፣ ማሰሻው ተዘጋጅቶ፣ አራተኛው እንጀራ ላይ ምጣዱ "ጧ" አለና ጠፋ። በማግስቱ የአባቴ ሙት ዓመት ነው። ቆጣሪውን አየሁት፣ አልወደቀም። ስፒናውን ነቅዬ መልሼ ሰካሁት፣ ወይ ፍንክች! ሊጡን በባልዲ ተሸክሜ ጎረቤቴ እትዬ ዘንድ ሄድኩ። እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት እሳቸው ምጣድ ላይ ስጋግር አመሸሁ። እግዜር ይስጥልኝ እትዬ። ዛሬ የምጽፈው ግን ስለ ሌላ ሰው ነው።

ምጣዱን ከገዛሁት ሁለት ዓመት ሆኖኛል። የሸጠልኝን ሱቅ ስም አላነሳም። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መሐሉ ያርራል፣ ዳሩ ጥሬ ነው። መሐሉን ላድን ብዬ ቶሎ ሳወጣው ዳሩ ሊጥ ይሆንብኛል። ዳሩ እስኪበስል ስጠብቅ መሐሉ ደርቆ ይሰነጠቃል። እናቴ "ሊጥሽ ቀጥኗል" አለችኝ። አክስቴ አሰፋፌን ተቸች። አንዷ ጓደኛዬ ጤፉን ጠረጠረች። እኔም አመንኳቸው። ጤፍ ቀየርኩ፣ ከሰው እርሾ ለመንኩ፣ አክንባሎውን አንዴ ቶሎ፣ አንዴ ቆይቼ እየከደንኩ ሞከርኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ የገዛ እጄን ስወቅስ ኖርኩ በሉኝ።

ሙት ዓመቱ እንዳለፈ ምጣዱን ታክሲ ላይ ጭኜ መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ወረድኩ። ቦታውን የማታውቁት ካላችሁ፣ የመዶሻውን ድምፅ ተከትላችሁ ብትሄዱ አትስቱትም። ባዶ በርሜል ተሰንጥቆ፣ ተቀጥቅጦ ከሰል ማንደጃ ይሆናል። ያለቀ ጎማ በረባሶ ይሆናል። እኛ የጣልነውን መልሰን የምንገዛበት ሰፈር ነው። የጠቆመችኝ ሴት "ሰማያዊ ሸራ ያለበት ሱቅ፣ ሽማግሌው" ብላኝ ነበር። ሰማያዊ ሸራ የሌለበት ሱቅ ቢኖር አይደል! ስጠይቅ፣ ስጠይቅ ደረስኩ።

ጋሼ ምጣዱን ገና ከማዳበሪያው ሳወጣው አይተው "መሐሉ ያርርብሻል አይደል?" አሉኝ። ምንም አልነገርኳቸውም። የሸክላው ፊት መሐሉ ጠቁሮ ዳሩ መገርጣቱን አይተው ነው።

"እጅሽ ነው ተብዬ ነበር" አልኳቸው።

ሳቁ። "የኔ ልጅ፣ እጅሽ ምን አደረገ? ሽቦው ነው እንጂ።"

ሸክላውን በጣታቸው አንጓ ኳ ኳ አድርገው አዳመጡት። "ሸክላው ደህና ነው። የሠራችው ሴት እጇ ይባረክ" አሉ። ከቀጨኔ ትሁን ከሌላ ቦታ አይታወቅም፣ ግን አንዲት ሸክላ ሠሪ ጭቃ አቡክታ፣ አለስልሳ፣ ተኩሳ ያወጣችው ነገር መሆኑን እስከዚያ ቀን አስቤው አላውቅም ነበር። እኔ ምጣድ ከሱቅ የሚወጣ ነው የሚመስለኝ።

ገለበጡት። ከሥር ያለውን ቆርቆሮ ፈቱት። ጀሶውን በመሮ ቀስ እያሉ ፈቀፈቁት። ለካ ከሸክላው ጀርባ ከመሐል ተነስቶ እየዞረ እስከ ዳር የሚሄድ ቦይ አለ። እንደ ስፕሪንግ የተጠቀለለው ሽቦ የሚተኛው እዚያ ውስጥ ነው። ሠሪው ከማስተኛቱ በፊት ሽቦውን ስቦ ያረዝመዋል። እኩል ካልሳበው ጉድ ፈላ። ጥቅሉ የተጠጋጋበት ቦታ ያቃጥላል፣ የተራራቀበት ይቀዘቅዛል። የኔው መሐሉ ላይ ጥቅጥቅ ብሎ፣ ዳር ሲደርስ አልበቃ ብሎ ተለጥጧል። የተበጠሰውም እዚያው የሳሳው ላይ ነው። "ቸኩሎ ነው የሠራው" አሉ። ስለዚያ ሰውዬ ሌላ ክፉ ቃል አልወጣቸውም።

አዲስ ሽቦ ቆረጡ። አንዱን ጫፍ ሚስማር ላይ አስረው፣ ሌላውን ይዘው ወደ ኋላ ሄዱ። መሬቱ ላይ በጠመኔ የተሰመረ ምልክት አላቸው። ሳቡት፣ ለቀቅ አደረጉት፣ አዩት፣ እንደገና ትንሽ ሳቡት። ከዚያ ቦዩ ውስጥ በአውራ ጣታቸው እየተጫኑ አስተኙት። ዳር ዳሩን ግን አውቀው ጠጋ ጠጋ አደረጉት። ለምን ስላቸው፣ "ዳሩን ንፋስ ይመታዋል፣ ትንሽ መደጎም አለበት" አሉኝ። ይሄን የትኛው ትምህርት ቤት እንደሚያስተምር እንጃ። በላዩ ጀሶ አለበሱትና "ጀሶው ይድረቅ፣ ማክሰኞ ነይ" አሉኝ።

ይህን የመሰለ እጅ ነው እንግዲህ ድሮ ብረት ቢቀጠቅጥ "ጠይብ"፣ ሸማ ቢሠራ "ቁጢት በጣሽ" እየተባለ ሲሰደብ የኖረው። ነገሩ አጼ ምኒልክን እንኳ አስመርሯቸው በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ ይቅር ብለው አዋጅ እስከማውጣት ደርሰዋል። አዋጁ ከወጣ መቶ ዓመት አልፎታል፣ እኛ ግን ዛሬም የእጅ ዋጋ ሲጠሩልን "ለዚህች?" እንላለን። እኔም ብያለሁ። የጠየቁኝ አዲስ ምጣድ ከምገዛበት ሲሶውን አይሞላም፣ እሱንም ልከራከር ዳድቶኝ ነበር።

ደግሞ ሁሉን አሳምሬ እንዳልዋሻችሁ፣ ማክሰኞ የተባለው ሐሙስ ሆኗል። ስልካቸውም አይነሳም፤ በዚያ ሁሉ መዶሻ መሐል እንዴት ይሰማል? ሐሙስ ስሄድ ግን ዓይኔ እያየ ሰኩት። ሲግል በሦስት ጣት ዱቄት ቆንጥረው ነሰነሱበት። እኔ፣ እሳቸውና ረዳታቸው ልጅ ሦስታችንም ጎንበስ ብለን ዱቄቱን እናያለን። ከመሐልም ከዳርም እኩል ቡኒ ሆነ። "በይ ውሰጂ" አሉኝ።

ከመሄዴ በፊት ቤት ውስጥ የት እንደምሰካው ጠየቁኝ። ከፍሪጁ ጋር አንድ ሶኬት ላይ ነው ስላቸው ራሳቸውን ያዙ። ምጣድ 3 ሺህ 500 ዋትና ከዚያም በላይ የሚበላ ነገር ነው፤ ቀጭን ሽቦ ላይ ከሌላ ዕቃ ጋር ከተጋባ መጀመሪያ ስፒናው ይቀልጣል፣ ቀጥሎ ሌላ ጣጣ ይመጣል። ኤሌክትሪሺያን ጠርቼ የራሱን መስመር አስዘረጋሁለት።

ቤት ገብቼ በጎመን ዘር አሟሸሁት። የመጀመሪያው እንጀራ ዓይኑ እስከ ጠርዙ ድረስ ወጣ። እናቴ እሁድ መጥታ አንዱን ገልጣ አየችና "ተመስገን፣ ተማርሽ" አለችኝ። አልመለስኩላትም።

የጋሼን ስልክ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፣ አደባባይ ላይ እንዳላወጣው ነግረውኛል። ጠዋት ብትሄዱ ይሻላል፣ ከሰዓት ወረፋው አይቻልም። ምጣዱን ደግሞ እንዳታፍሩበት ብላችሁ ፈግፍጋችሁ አትውሰዱት። የት የት እንዳረረ ካላዩት በሽታውን አያውቁላችሁም።