ለካፌ፣ ለፔንሲዮን፣ ለቢሮ የቱ ይሻላል? ባለ አንድ ፓስዎርድ፣ ቫውቸር ወይስ ራዲየስ

ደብረ ብርሃን ላይ ራውተር ሊገዛ ሱቅ ሚገባ ሰው መጀመሪያ ሚጠይቀው «ስንት አንቴና አለው?» ነው። እኔ ኔትወርክ ስዘረጋ እንዳየሁት ግን መጠየቅ ያለበት ሁለት ነገር ነው፣ ሰው በምን ይገባል፣ ከገባስ በኋላ በየት በኩል ይወጣል። የመጀመሪያው ኦተንቲኬሽን ሁለተኛው ራውቲንግ ነው፣ ብር ሚባክነውም እነዚህ ላይ ሳይታሰብ ሲገዛ ነው።

ባለ አንድ ፓስዎርድ ሚባለው ሴቲንግ ላይ ደብሊውፒኤ2 ፐርሰናል ወይም ፒኤስኬ ተብሎ ታገኙታላችሁ። ማንኛውም የቤት ራውተር አለው፣ ለቤተሰብ በደንብ ይበቃል። አንድ ፔንሲዮን ግን ፓስዎርዱን በየክፍሉ በር ላይ ለጥፈውት ወር ሳይሞላ ጎረቤቱ ሁሉ ገባበት፣ ባለቤቷ እናት «ልጄ፣ እኔ እየከፈልኩ እንግዶቼ አይሰራም ይሉኛል» አሉኝ፣ ፓስዎርዱ ሲቀየር ደግሞ የከፈለውም ያልከፈለውም እኩል ይወጣል፣ እንደገና ለሁሉም መንገር ነው። ሌላው ብዙ ሰው ማያውቀው፣ በደብሊውፒኤ2 ፓስዎርዱን ሚያውቅ ሰው ስትገናኙ ጠብቆ ከያዘ የናንተን ዳታ ከአየር ላይ ሊፈታው ይችላል። በፈረንጆቹ 2018 የመጣው ደብሊውፒኤ3 ይሄን ስለዘጋ አዲስ ምትገዙ ከሆነ እሱ ያለውን ምረጡ፣ የቆዩ ስልኮች ስለማይቀበሉት ሁለቱንም አንድ ላይ ሚያስኬድ ቢሆን ጥሩ ነው።

ቫውቸር ወይም ሆትስፖት ሚባለው ለካፌና ለፔንሲዮን ከሁሉም እኔ ምመርጠው ነው። ዋይፋዩ ክፍት ይሆናል፣ ስልኩ ሲገናኝ ሎግ ኢን ገጽ ይመጣለታል፣ ካርዱ ላይ ያለውን ኮድ ያስገባል፣ ሰዓቱ ሲያልቅ ራሱ ይቆርጠዋል። አንድ ኮድ በአንድ ስልክ ብቻ እንዲሰራ ማድረግ ይቻላል፣ ለያንዳንዱ ሰው ፍጥነት መወሰንም ይቻላል፣ አንዱ ቪዲዮ ሲያወርድ ሌላው አይታነቅም። የላትቪያው ራውተር አምራች ማይክሮቲክ ትንሿ ራውተር ሀፕ ላይት እንኳን ይሄን ትሰራለች፣ ግን 2.4 ጊጋኸርዝ ብቻ ናት፣ ፖርቶቿም 100 ሜጋቢት ናቸው፣ ስለዚ ለትንሽ ካፌ እንጂ ለሆቴል አትግዟት። ላይሰንስም (የሶፍትዌሩን ፈቃድ ደረጃ) እዩ፣ ሌቭል 4 ሆትስፖት ላይ በአንዴ 200 ሰው ይቀበላል፣ ዩዘር ማኔጀር ሚባለውን የተጠቃሚዎች መመዝገቢያ ከተጠቀማችሁ ግን 20 ብቻ ነው፣ ይሄን ሳያውቁ የገዙ ሰዎች አጋጥመውኛል በጣም ያሳዝናል። ጉድለቱ አየሩ ላይ ያለው ዳታ አለመቆለፉ ነው፣ ባንክና ቴሌግራም የራሳቸው ቁልፍ ቢኖራቸውም የቢሮ ፋይል ሚያጋሩ ኮምፒውተሮችን እዚ ላይ አታስገቡ።

ራዲየስ፣ ማለትም ስምና ፓስዎርድ ሚያጣራ ሰርቨር፣ ያለው ደግሞ ሴቲንግ ላይ 802.1ኤክስ ወይም ደብሊውፒኤ ኢንተርፕራይዝ ሚባለው ነው፣ ለቢሮ፣ ለኮሌጅ፣ ለፋብሪካ። እያንዳንዱ ሰራተኛ የራሱ ስምና ፓስዎርድ አለው፣ ዋይፋዩ ራሱ አይወስንም፣ በፖርት 1812 ሰርቨሩን ይጠይቃል፣ ማን መቼ ገባ ሚለው በ1813 ይመዘገባል። ሰራተኛ ሲለቅ የሱን ብቻ ማጥፋት ነው ሌላው አይነካም። ፍሪራዲየስ ነጻ ሶፍትዌር ስለሆነ ወጪው ሰርቨሩና ባለሙያው ነው። መብራት ጠፍቶ ሰርቨሩ ከወደቀ ግን አዲስ ሚገባ የለም፣ ስለዚ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ሚይዝ ባትሪ) ሳትገዙ ይሄን አትጀምሩት። የሰርቨሩን ሰርተፍኬትም (መታወቂያውን) ስልኮቹ እንዲያረጋግጡ አድርጉ፣ ካልሆነ በተመሳሳይ ስም የተከፈተ የውሸት ዋይፋይ ፓስዎርዱን ይወስደዋል።

ራውቲንጉ ላይ ለካፌ ብዙ ሀሳብ የለም፣ አንድ መስመር ካለ አንድ ዲፎልት ራውት፣ ማለትም ሁሉም ሚወጣበት መንገድ፣ ይበቃል። ሁለት መስመር ያላቸው፣ ለምሳሌ የኢትዮ ቴሌኮም ፋይበርና የሳፋሪኮም 4ጂ፣ ለፋይበሩ ዲስታንስ (የቅድሚያ ቁጥር) 1 ለ4ጂው 2 ይሰጣል፣ ትንሹ ይቀድማል። እዚ ላይ ግን አንድ ወጥመድ አለ፣ ማይክሮቲክ ላይ መስመሩ መኖሩን ሚያጣራው ቼክ ጌትዌይ ሲበራ በየ10 ሰከንዱ ፒንግ ሚያደርገው (አለህ ወይ ብሎ ሚጠይቀው) ቅርቡን ሳጥን፣ ማለትም ሞደሙን ነው፣ ሳጥኑ ግድግዳችሁ ላይ በርቶ መስመሩ ከውጪ ቢቆረጥ ራውተሩ ሁሉም ደህና ነው ብሎ ወደ 4ጂው አያልፍም፣ እኔም መጀመሪያ ጊዜ ይሄ አስቸግሮኝ ካፌው ግማሽ ቀን ያለ ኢንተርኔት ውሏል። መፍትሄው ሪከርሲቭ ራውት ነው፣ ውጪ ያለ አድራሻ በዛ መስመር ፒንግ እንዲደረግ ማድረግ።

ቅርንጫፍ ላላቸው ደግሞ መንገዱ በእጅ ሚጻፍበት ስታቲክ ወይስ ራውተሮቹ ራሳቸው ተነጋግረው መንገድ ሚመርጡበት ኦኤስፒኤፍ? ደብረ ብርሃንና ደብረ ሲና መሃል ጣርማ በር ስለቆመ አንቴና ለአንቴና አይተያይም፣ ሚያገናኛችሁ የኪራይ መስመር ወይም ቪፒኤን (በኢንተርኔት ላይ ሚዘረጋ የተቆለፈ መስመር) ነው። መንገዱ አንድ ብቻ ከሆነ ስታቲክ ጻፉና ተገላገሉ። ሸዋ ሮቢት ሦስተኛ ሆኖ ሁለት መንገድ ካለ ግን ኦኤስፒኤፍ አንዱ ሲወድቅ በሌላው ራሱ ያዞረዋል። ሪፕ ሚባለውን ሌላ የራውቲንግ ዘዴ ሚሸጥላችሁ ካለ ተዉት፣ ሚቆጥረው ስንት ራውተር እንዳለፈ ብቻ ነው፣ የመስመሩን ፍጥነት አያይም።

ሻጩ ጋ ስትሄዱ ሆትስፖት ስንት ሰው ይቀበላል፣ ሁለት ኢንተርኔት መስመር ይቀበላል ወይ፣ 802.1ኤክስ አለው ወይ በሉት፣ ካልመለሰላችሁ ሞዴሉን ስልካችሁ ላይ ጽፋችሁ ውጡና ከአምራቹ ገጽ አይታችሁ በማግስቱ ግዙ።