«ሞተሩ ትንሽ ያዝ አድርጎታል» ለሚባል ትራክተር ቀብድ እንዳትከፍሉ

ወገን፣ አሮጌ ትራክተር ልትገዙ ወደ አርሲ ወይም ባሌ የምትሄዱ ካላችሁ ይቺን አንብባችሁ ሂዱ። ደላሎቹ ይዘውት የሚዞሩት ቆሞ የከረመ ማሴ ፈርጉሰን ነው። 240ም አለ፣ 290ም አለ። ዋጋው ከሚሠራው በጣም ያንሳል። ወሬውም ያው ነው፤ «ባለቤቱ ታሞ ቆሞ ነው እንጂ ጤነኛ ነው፣ ሞተሩ ትንሽ ያዝ አድርጎታል፣ ናፍጣ አፍስሳችሁ ብታሳድሩት ይለቃል፣ ጎማው ብቻ እንኳ ብራችሁን ያወጣል።» ሞተር ያዘ ማለት ውስጡ ተጣብቆ አልዞርም አለ ማለት ነው።

የአክስቴ ልጅ ይህን አምኖ አንድ 290 ገዛና አስጭኖ እኔ ጋ አመጣው። ከታች ስንከፍተው የዘይት ቋቱ ውስጥ የብሮንዝ (ዘንጎቹ የሚዞሩበት ስስ ማረፊያ) ፍርፋሪ ሞልቷል። የአንዱ ቢየላ (ፒስተኑን ከታች የሚይዘው ክንድ) ብሮንዝ ቀልጦ ኮሎው (የሞተሩ ዋና ተሽከርካሪ ዘንግ) ላይ ተጣብቋል። ብሎኩ ጎኑ ላይ ተሰንጥቆ በማጣበቂያ ተደፍኗል፣ ከላዩ አዲስ ግራጫ ቀለም ተቀብቷል። ይሄ ቆሞ የያዘ ሞተር አይደለም። ዘይት አልቆበት እየሠራ የነከሰ ነው። ሻጩ ስልኩን ዘግቷል። ደላላው ደግሞ «እኔ ሰው አገናኘሁ እንጂ ሞተር ውስጥ አልገባሁም» ይላል። ኮሚሽኑን ሲቀበል ግን ገብቶ ነበር።

ልዩነቱን እወቁት። ክረምቱን ሙሉ የጭስ ማውጫው ሳይከደን የቆመ ትራክተር፣ ዝናቡ በማርሚታው (በጭስ ማውጫው ቧንቧ) ይወርድና የጭስ ቫልቩ ክፍት ሆኖ በቀረው ሲሊንደር ውስጥ ይገባል። ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ከሲሊንደሩ ግድግዳ ጋር ይዝጋል፣ ሞተሩ ይይዛል። ገበሬው በማውጫው ላይ የቲማቲም ቆርቆሮ የሚደፋው ለዚህ ነው። እንዲህ የያዘ ሞተር ብዙ ጊዜ ይለቃል። በሙቀት ወይም በዘይት እጦት የነከሰው ግን ቢለቅም ዋጋ የለውም፤ ኮሎ ሬክቲፋይ (በማሽን መሞረድ)፣ ብሮንዝ፣ ፒስተን፣ ላይነር (ፒስተኑ የሚመላለስበት ቱቦ) ይጠብቃችኋል። የ290ው ሞተር፣ የፐርኪንስ 4.248 ላይነር ደረቅ የሚባለው ዓይነት ስለሆነ ተጭኖ የሚገባው በማሽን ነው፣ ቶርኖ ቤት መሄዱ አይቀርም። የቤላሩስ ኤምቲዜድ 80 ትራክተር በዚህ ይሻላል፣ ላይነሩ ውሃ የሚነካው ዓይነት ስለሆነ ሜዳ ላይም ይቀየራል። ሻጮቹ የሚያደርጉት ሁለተኛውን በሽታ በመጀመሪያው ስም መሸጥ ነው።

ስለዚህ ብር ከኪስ ሳይወጣ ዘይቱን እዩ። የዘይት መለኪያው ላይ ወተት የገባበት ቡና የሚመስል ነገር ካለ ውሃ ገብቷል። ዘይቱ ንጹሕ፣ አዲስና ወርቃማ ከሆነ ደግሞ የባሰ ጠርጥሩ። ለማይነሳ ሞተር ዘይት የሚቀይር ሰው ምን እየደበቀ ነው? የታችኛውን ቡሎን ጥቂት አላሉትና ቀድሞ የሚወጣውን ተቀበሉ። ውሃ ካለ ከታች ስለሚተኛ ቀድሞ ይመጣል። የሚያብረቀርቅ ብረት ካያችሁ ዞር ብላችሁ ወደ ቤታችሁ። ብሎኩን ሁለቱንም ጎን በጨርቅ ጥረጉ፤ አካሉ ሁሉ አርጅቶ ሞተሩ ብቻ አዲስ ቀለም ካለው ቀለሙን በጥፍር ፋቁት።

«ሞተሪኖው ለጥገና ሄዷል» እና «ባትሪው ተሰርቋል» የሚባለው ሰበብ አይያዛችሁ። እንደውም ሞተሪኖ (ሞተሩን የሚያስነሳው) የሌለበት ቀዳዳ ይጠቅማችኋል፣ የቮላኖውን (ከኮሎው ጋር የሚዞረውን ከባድ ክብ ብረት) ጥርስ በብረት ገፋ አድርጋችሁ መሞከር ትችላላችሁ። ሞተሪኖው ካለ ቡሎኖቹን አላሉ፤ አንዳንዴ ጥርሱ ቮላኖው ላይ ተቆልፎ ነው ሞተሩ የያዘ የሚመስለው። ማርሹን ዜሮ አድርጉ፣ ቺንጋውን አውልቁ፣ የውሃ ፓምፑን ለብቻው አዙሩ፣ የያዘው እሱ ሊሆን ይችላል። ኖዝሎቹን (ናፍጣ የሚረጩትን) ሳታወጡ ግን በጉልበት እንዳትሞክሩ። ሲሊንደር ውስጥ ውሃ ካለ አይታመቅም፣ ቢየላውን ያጎብጠዋል።

ሻጩ «እኔው አስለቅቄ እሰጣችኋለሁ» ካለ ዋናው ወጥመድ ይሄ ነው። በሌላ ትራክተር ጎትተው ማርሽ ያስገቡና ፍሪሲዮኑን ይለቁታል። ይዞራል፣ አዎ። ፋሻው ይሰበራል፣ የደረቀው ቫልቭ ፒስተን ይመታል፣ እናንተ «ዞረ» ብላችሁ ትከፍላላችሁ። በደህና የሚለቀው በትዕግሥት ነው። ኖዝሎቹ ይወጣሉ፣ የአውቶማቲክ ካምቢዮ (ማርሽ ሳጥን) ዘይትና አሴቶን እኩል ተቀላቅሎ በየሲሊንደሩ ይገባል (አሴቶን በቀላሉ ስለሚነድ ሲጋራ የያዘ ሰው አታስጠጉ)፣ ቀናት ይቀመጣል፣ ከዚያ በረዥም እጀታ ወዲህና ወዲያ ትንሽ ትንሽ መነቅነቅ ነው። ከመነቅነቁ በፊት ግን ሮከሮቹ (ቫልቭ የሚገፉት) ይፈታሉ፣ የቫልቭ ዘንግ እንዳይጎብጥ። ለዓመታት የቆመ ከሆነ ግን ጊዜ አታባክኑ፣ ቴስታታውን (የሞተሩን የላይ ክዳን) አውርዳችሁ በዓይናችሁ እዩት። ሊነሳ ሲል ደግሞ የአየር መግቢያውን የሚደፍን ጣውላ ይዞ አንድ ሰው ይቁም፣ ምክንያቱም የቆመ የናፍጣ ፓምፕ ውስጡ ተጣብቆ ከሆነ ሞተሩ በቁልፍ የማይቆም ፍጥነት ውስጥ ይገባል።

ውሉ ላይ «ባለበት ሁኔታ ተረክቤያለሁ» የሚለውን አትፈርሙ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭን ለዕቃው ጉድለት ተጠያቂ ያደርጋል፣ ገዢው እያወቀ ለገዛው ጉድለት ግን አይደለም። «ሞተሩ እንደያዘ አውቃለሁ» ብላችሁ ፈርማችሁ ሞተሩ ያዘ ብላችሁ መክሰስ ያስቸግራል። ስለዚህ ምክንያቱ ይጻፍ፤ «ሞተሩ የያዘው በመቆሙ በዝገት ነው፣ ብሎኩ አልተሰነጠቀም፣ ኮሎው ጤነኛ ነው» የሚል። ይህን ለመፈረም እምቢ ያለ ሻጭ መልሱን ሰጥቷችኋል። መካኒኩንም እናንተ ይዛችሁ ሂዱ፣ እዚያው ዛፍ ሥር ተቀምጦ የሚጠብቃችሁ «ገለልተኛ» መካኒክ የደላላው ሰው ነው።

የምትገዙት ለመለዋወጫ ከሆነም የያዘውን ሞተር ዋጋ ዜሮ አድርጋችሁ በካምቢዮው፣ በሃይድሮሊኩና በጎማው ብቻ ተደራደሩ። ሊብሬው ላይ ያለውን የሻንሲና የሞተር ቁጥር ብረቱ ላይ ካለው ጋር ሳታነጻጽሩ ደግሞ መጫኛ መኪና አትጥሩ።