ለገጣፎ ያለችው የልጆች ክሊኒክ፣ ከ5 ኮከብ 4

ስሟን እዚህ አልጽፍም ማስታወቂያ ይመስልብኛል፣ የፈለገ ኢንቦክስ ያድርግልኝ። ደረጃዋ ጠባብ፣ መኪና ማቆሚያ የላትም፣ ዝናብ ከጣለ እስከ በሩ ጭቃ ነው።

ልጄ ዓመት ከሁለት ወሩ ነው። እሁድ አተኮሰው፣ 39 ምናምን፣ ፓራሲታሞል ስሰጠው ትንሽ ይልለትና መልሶ ይግላል። ማክሰኞ ሌላ ቦታ ወሰድነው ቶንሲል ነው አሉና አሞክሳሲሊን ሰጡን፣ ሐሙስ ስንመለስ ደሞ ዊዳል (የታይፎይድ የደም ምርመራ) ተሰርቶ ታይፎይድ ሆነ (መቼም እኛ ጋ ታይፎይድ የማይሆን በሽታ የለም) መርፌ ጀመረ። ልብሱን ያስወለቀ ሰው አልነበረም። አይኑ ደም መስሏል ግን አይናር የለውም፣ ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል፣ አማቴ ምች ነው ብለው ዳማከሴ አሹት።

ዓርብ እዚህች ክሊኒክ ሄድን። ዶክተሯ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ትኩሳቱ የጀመረበትን ቀን ነው፣ በጣቷ ቆጠረች፣ 6። ከዛ ራቁቱን አስደረገችው። ምላሱን በባትሪ አይታ "እንጆሪ አይመስልም?" አለችኝ፣ እውነትም ቁርጥ እንጆሪ። ሆዱ ላይ ሽፍታ፣ እጁና እግሩ አባብጧል። ሲወለድ የተከተባት የቲቢ ክትባት ጠባሳ ዙሪያዋ ቀልቷል፣ እኔ ቢንቢ የነከሰው መስሎኝ ነበር። "ካዋሳኪ ነው የምጠረጥረው" ስትል ባሌ "ሞተር ሳይክሉ?" አላት። ሳቀች። ጃፓናዊ የልጆች ሐኪም ናቸው አለች፣ የመጀመሪያውን ልጅ በፈረንጆች 1961 አይተው በ1967 የ50 ልጆችን ታሪክ ጻፉ፣ በሽታው በስማቸው ቀረ። እስካሁን በአንድ ላብራቶሪ ቁርጥ የሚል ምርመራ የለውም፣ 5 ቀን ትኩሳት ከአምስቱ ምልክቶች ከአራቱ ጋር ነው ሚታየው። አንቲባዮቲክ ምንም አያደርገውም። ልቤን ያቆመው ግን፣ ልብን ራሱን የሚመግቡት የደም ስሮች ይቆጣሉ፣ ካልታከመ ከ4 ልጅ በ1ዱ እንደ ፊኛ ይወጠራሉ ያለችው ነው፣ በ10 ቀን ውስጥ ከታከመ ግን በጣም ይቀንሳል።

ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ያለው ሆስፒታል ራሷ ደውላ ሪፈር ጻፈችልን። መድኃኒቱ አይቪአይጂ ይባላል፣ ሰው ከለገሰው ደም ነው ሚሰራው፣ ለኪሎ 2 ግራም፣ የኔ ልጅ 10 ኪሎ ስለሆነ 20 ግራም፣ ባለ 5 ግራሙ 4 ጠርሙስ ማለት ነው። ባሌ ስንት ፋርማሲ ዞሮ አገኘው፣ ዋጋውን ተዉት። እሁድ ማታ ተሰክቶ ሌሊቱን ሙሉ ጠብ ጠብ ሲል አደረ፣ ጠዋት ትኩሳቱ የለም፣ ዳቦ ብሎ ጮኸ።

አስፕሪን ለህፃን? ብዬ ደንግጬ ነበር፣ ለዚህ በሽታ ግን ይሰጣል አለች፣ አሁን በቀን አንዴ ትንሿን መጠን ነው ሚወስደው፣ ጉንፋን ወይ ጉድፍ ከያዘው ቶሎ አምጪው፣ ኢቡፕሮፌን እንዳትሰጪው ብላኛለች። በሳምንቱ የጣቱ ጫፍ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ሲላጥ ቀድማ ስለነገረችኝ አልጮህኩም። የኩፍኝ ሁለተኛው ክትባትም ከአይቪአይጂው በኋላ 11 ወር እንዲቆይ ካርዱ ላይ በቀይ እስኪብርቶ ጻፈችበት። ሁለቱም ኢኮ ንጹህ ነው፣ ሦስተኛው ቀርቷል።

አንዷን ኮከብ የቀነስኩት በካርድ ክፍሉ ነው። ልጁ እጄ ላይ እየነደደ ልጅቷ ስልኳን እያየች 40 ደቂቃ አስቆመችን፣ ስልክም አያነሱም። ዶክተሯ ከሰዓት ነው ምትገባው፣ ከ8 በፊት ካልደረሳችሁ ወረፋው ደረጃው ላይ ይወርዳል።