ደንገጎን በሦስተኛ ማርሽ፦ የአባቴ ፔጆ 404 በቶዮታ 22 አር ሞተር፣ ከዘጠኝ ወር በኋላ

የምሠራው ድሬዳዋ ነው፤ እናቴ የምትኖረው ሐረር። ቅዳሜ ከሰዓት ከከዚራ እነሳለሁ፣ እሁድ ማታ እመለሳለሁ። መንገዱ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አጭር ይመስላል። ነገር ግን ድሬዳዋ ያለችው 1,200 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ሲሆን ሐረማያ ከ2,000 ሜትር በላይ ናት። የዚህን ልዩነት ዕዳ መኪና የሚከፍለው ደንገጎ ዳገት ላይ ነው። የአባቴ ፔጆ 404 ያንን ዳገት ለዓመታት በሁለተኛ ማርሽ፣ ከጭነት መኪና ኋላ እያቃሰተች ወጥታዋለች።

ባለፈው ክረምት ፋሻዋ (የፒስቶን ቀለበቷ) አልቆ ዘይት መጠጣት ጀመረች። ለሐረር ሰው ስለ 404 ማስረዳት አያስፈልግም፤ ከሸዋ በር እስከ ፈረስ መጋላ በፔጆ ታክሲ እየተመላለስን ነው ያደግነው። ለሌላው አንባቢ ግን፦ እ.ኤ.አ. በ1960 የወጣች፣ መልኳን የጣሊያኑ ፒኒንፋሪና የነደፈላት፣ የምሥራቅ አፍሪካን ሳፋሪ ውድድር በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968 ያሸነፈች መኪና ናት። ክብደቷ ከአንድ ቶን ብዙም አያልፍም። የፋብሪካ ሞተሯ 1,618 ሲሲ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ 72 የፈረስ ጉልበት ነበራቸው። ቱርቦ የሌለው ሞተር ከፍታ በ100 ሜትር በጨመረ ቁጥር ከጉልበቱ 1 በመቶ ያህል ያጣል። ስለዚህ አዲስ ሆና እንኳ ሐረማያ ስትደርስ የሚቀሯት 58 ያህል ፈረሶች ናቸው።

ሦስት ምርጫ ነበረኝ። የራሷን ሞተር ማደስ፣ የቶዮታን 2 ኤል ናፍጣ ማስገባት፣ ወይም የቶዮታን 22 አር ቤንዚን ማስገባት። የመጀመሪያው ልቤ የሚወደው ነበር፤ ትክክለኛ ፒስቶንና የሲሊንደር ሸሚዝ ፍለጋ ሁለት ወር ባክኜ ተውኩት። ናፍጣው 2,446 ሲሲ ነው፤ ጠንካራና ቆጣቢ ነው፤ ለዚህች ቀላል መኪና ግን መንቀጥቀጡ በዛብኝ። 22 አር 2,366 ሲሲ ነው፣ ወደ 100 የሚጠጋ የፈረስ ጉልበት አለው፣ መለዋወጫውም በየሱቁ ይገኛል። ልቤ ወደ እርሱ አዘነበለ።

ሥራውን የያዙልኝ በምድር ባቡር ወርክሾፕ ቶርኖ (የብረት መቅረጫ ማሽን) ላይ ዕድሜያቸውን የጨረሱ አዛውንት ናቸው። ምርጫዬን ስነግራቸው መነጽራቸውን አውልቀው፣ «ልጄ፣ የምትሄድበትን ከመምረጥህ በፊት የምትቆምበትን ምረጥ» አሉኝ። «ጋሼ፣ ፍሬኑን በኋላ እናየዋለን» ብዬ መለስኩ። ዛሬ ይህን የምጽፈው በዚያ «በኋላ» ምክንያት ነው።

በቀላል መኪና ትልቅ ሞተር የማስገባት ፍላጎት የእኔ ብቻ አይደለም። አሜሪካዊው ካሮል ሼልቢ እ.ኤ.አ. በ1962 የእንግሊዞቹን ቀላል ክፍት መኪና ኤሲ ኤስን ወስዶ የፎርድ ቪ8 ሞተር አስገባባትና ኮብራ ተወለደች። በ1965 ቢግ ብሎክ የሚባለው የ7 ሊትር ሞተር ሲመጣ ግን የድሮው ሻንሲ አልበቃም። ዋናዎቹ ቱቦዎች ከ3 ኢንች ወደ 4 ኢንች ወፈሩ፣ ድርብርቡ ባሌስትራ ቀርቶ ጥምዝምዝ ሞላ ተተካ። እነርሱ ሞተሩን ለመሸከም መኪናዋን እንደ አዲስ ሠሩ። እኔ ግን ሞተሩን ገዝቼ ሌላው ሁሉ በራሱ የሚስማማ መስሎኝ ነበር።

ከሁሉ በላይ ያደከመን የኋላው ክፍል ነው። በ404 ከካምቢዮ (ከማርሽ ሳጥኑ) ጉልበቱን ለኋላ ጎማዎች ወደሚያከፋፍለው ዲፈረንሻል የሚሄደው ዘንግ በወፍራም ቱቦ ውስጥ የተዘጋ ነው። ቱቦው ሽፋን ብቻ አይደለም፤ የኋላውን አክስል ወደ ፊትም ወደ ኋላም እንዳይሄድ የሚይዘው እርሱ ነው። የቶዮታን ካምቢዮ ስናስገባ ቱቦው ወጣ፣ አክስሉም ያለ ያዥ ቀረ። በቶዮታ አክስል ተክተን ከሻንሲው ጋር የሚያያዙ አራት ክንዶች መሥራት ግድ ሆነ። ሦስት ሳምንት የፈጀው ይህ ነው። የፔጆውን ዲፈረንሻል ሳወጣ አዝኛለሁ፤ የነሐስ ጥርስ ያለው፣ ድምፅ የማያውቅ ዕቃ ነበር። አሁን ከ80 በላይ ስነዳ ከኋላ የሚሰማው ማፏጨት ያንን ዝምታ ያስናፍቀኛል።

ሞተሩ ራሱ ያገለገለ ነበር። ጠዋት ሲነሳ ለጥቂት ሰከንድ ከፊት ያንቃጭላል። ሻጩ «ዘይት እስኪደርሰው ነው» አለኝ፤ ጋሼ ግን ሳያስገቡት የፊት ሽፋኑን ፈቱ። የካም ዘንጉን የሚያዞረው ሰንሰለት መምሪያ ፕላስቲክ ተሰብሮ ወድቋል፣ ሰንሰለቱም ሽፋኑን መብላት ጀምሯል። ትንሽ ቢቆይ ሽፋኑን በስቶ ውኃ ከዘይት ጋር ይቀላቅል ነበር። ይህ የ22 አር የታወቀ ድክመት ነው። የመጀመሪያዎቹ ባለ ሁለት ረድፍ ሰንሰለት ነበራቸው፤ ከእ.ኤ.አ. 1983 ወዲህ የተሠሩት ባለ አንድ ረድፍና የፕላስቲክ መምሪያ ያላቸው ናቸው። የብረት መምሪያ አስገብተን ሰንሰለቱን ቀየርን፤ እስካሁን ድምፁን አልሰማሁም። 22 አር የምትገዙ ሰዎች፣ ሞተሩ ከመኪናው ውጭ እያለ ይህን ሽፋን ሳታስፈቱ አትግቡ።

በመስከረም ተነሳች። የመጀመሪያዋን ቅዳሜ አልረሳትም። ደንገጎን በሦስተኛ ማርሽ፣ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር፣ ቤንዚን መስጫውን በግማሽ ብቻ ረግጬ ወጣሁ። የጭነት መኪናዎቹን በቀጥታው ቦታ ላይ ሳልጨነቅ አለፍኳቸው። አወዳይ ስደርስ እጄ በደስታ ይንቀጠቀጥ ነበር። አባቴ በሕይወት ቢኖር ከጎኔ ባስቀመጥኩት ብዬ ተመኘሁ።

መመለሱ ግን ሌላ ነው። የእኔ 404 አራቱም ፍሬኖች ታምቡር ናቸው። በኅዳር አንድ እሁድ ማታ ስወርድ፣ ፍጥነቱን ከድሮው አብልጬ ስለነበር፣ ከቁልቁለቱ ግማሽ በኋላ ፔዳሉ ጠንካራ ሆኖ መኪናዋ ግን መቆም እምቢ አለች። የፍሬኑ ሸራ ጠረን ውስጥ ድረስ ገባ። በሁለተኛ ማርሽ ያዝኳትና ዳር አውጥቼ ግማሽ ሰዓት ቆምኩ። በማግስቱ ጋሼ ዘንድ ስሄድ አንድም ቃል አልወቀሱኝም፤ ይህ ከወቀሳ ይልቅ ከበደኝ። አዲስ ሸራ፣ የተቶረነ ታምቡርና የፍሬን ማገዣ አስገባን። ከዚያ ወዲህ በወጣሁበት ማርሽ ነው የምወርደው።

እስከ ሚያዝያ ሌላ ችግር አልነበረም። ግንቦት የድሬዳዋን ሙቀት ይዞ ሲመጣ ራዲያተሩ ተናገረ። የድሮውን የፔጆ ራዲያተር ነበር ያስቀረሁት፤ ለ1,618 ሲሲ የተሠራ ነው። ከደንገጎ አናት ሳልደርስ ውኃው ፈላ። ከፍ ባለ ቦታ ውኃ ቶሎ ይፈላል፤ በ2,000 ሜትር 93 ዲግሪ ላይ ነው። ስለዚህ ግፊት የሚይዝ ጤነኛ ክዳን እንደ ትንሽ ነገር መታየት የለበትም። ባለ ሦስት ረድፍ ራዲያተር ገጠምኩ፤ ከእርሱ እኩል የጠቀመኝ ግን ቆርቆሮ ሠሪ በአንድ ከሰዓት ያጠፈልኝ የቬንትሌተር ዙሪያ መከለያ ነው። ያለ መከለያው ቬንትሌተሩ የሚስበው አየር ገሚሱ በጎን ያመልጣል። በሰኔ ቀትር ድሬዳዋ መጋላ ላይ በባጃጅ መሐል ቆሜ መርፌው ከመሐል አላለፈም።

ካርቡራተሩ ጥቂት ትዕግሥት ይጠይቃል። ድሬዳዋ ላይ በትክክል ከተስተካከለ ሐረማያ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ቤንዚኑ ይበዛበታል፣ ካንዴላውም ይጠቁራል። ከመንገዴ አብዛኛው ከፍ ያለው ክፍል ስለሆነ ለሐረር ከፍታ አስተካክለነዋል። የቤንዚን ፍጆታዋ በሊትር ከ10 ኪሎ ሜትር ወደ 8 ወርዷል። የፊት ሞላዋም ከብዷት ዝቅ ስላለች ጠንከር ባለ ቀይረነዋል።

ካወጣሁት ከእያንዳንዱ 10 ብር ለሞተሩ የከፈልኩት 4ቱን ብቻ ነው። ቀሪው ዙሪያውን ለማስማማት የወጣ ነው። የሞተር ቁጥር በሊብሬ ላይ ስለሚሰፍርም ያለ ሕጋዊ የግዥ ሰነድ ሞተር አትግዙ፤ እኔ ሰነዱን ይዤ እንኳ ቁጥሩን ለማስቀየር ብዙ ቀን ተመላልሻለሁ።

እንደገና ብመርጥ 22 አርን እመርጣለሁ፤ ግን በመጀመሪያው ወር ፍሬን፣ በሁለተኛው ራዲያተር፣ በመጨረሻ ሞተር። ሐረር ከተማ ውስጥ ብቻ ለሚሠራ ሰው ግን ይህን ሁሉ አልመክርም። ጀጎልን ለመዞር 1,618 ሲሲ ይተርፋል፤ ፒስቶኑን ያገኘ ሰው የራሷን ያድስላት።

የድሮውን ሞተር የሚጠይቁኝ በዝተዋል። አልሸጠውም። እናቴ ግቢ ውስጥ፣ ከበረንዳው ሥር በእንጨት መቀመጫ ላይ ነው። በካንዴላው ቀዳዳ ዘይት እጨምርለትና በየወሩ አንድ እሁድ በእጄ አዞረዋለሁ። ሳይነክስ ይዞራል።