ጠላ ያሳደገው ምላስ የወይን በርሜል ቢራ ሲቀምስ

ዋጋውን ስሰማ ጠርሙሷን ወደ መደርደሪያው ልመልሳት ነበር። 375 ሚሊ ሊትር ናት። አገር ቤት ከለመድናት የቢራ ጠርሙስ የምትበልጠው በአንድ ሁለት ጉንጭ ነው። የተጠየቅኩት ገንዘብ ግን ስድስት ተራ ቢራ ገዝቶ መልስ ያስተርፋል። አብሮኝ የነበረው የአክስቴ ልጅ ቡሹንና ቡሹን ያሰረውን ሽቦ አየና "ይሄ ቢራ ነው ሻምፓኝ?" አለኝ። ቢራ ነው አልኩት። "እንግዲያው ተዘርፈናል" አለ። ገዛን።

ቦታው ሳንታ ሮዛ ነው፣ ሰሜን ካሊፎርኒያ። እኛ ካለንበት ኦክላንድ አንድ ሰዓት ከምናምን ያስነዳል፤ አገሩ የወይን አገር ነው። ረሽያን ሪቨር የሚባለው ጠማቂ ራሱ ከወይን ቤት የወጣ ነው። በ1997 ያቋቋመው ኮርቤል የሚባል ሻምፓኝ አምራች ነበር (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)፣ በ2003 ጠማቂው ቪኒ ሲሉርዞና ባለቤቱ ተረከቡት፣ በዓመቱ ደግሞ ሳንታ ሮዛ ላይ መጠጥ ቤታቸውን ከፈቱ። ብዙው ሰው የሚሰለፈው ፕላይኒ ዘ ኤልደር ለሚባለው መራራ ቢራቸው ነው። ጥሩ ቢራ ነው፣ ግን እኔን የወሰደኝ እሱ አይደለም። እኔ የሄድኩት ለበርሜሎቹ ነው።

አሜሪካ ውስጥ ጥቁር ቢራ በበርሜል ሲባል አብዛኛው ሰው የሚመጣለት ቡርቦን የሚባለው የአሜሪካ ውስኪ የነበረበት በርሜል ነው። የቡርቦን በርሜል ውስጡ በእሳት የተለበለበ ስለሆነ ለቢራው ቫኒላና ካራሜል ይሰጠዋል፣ ቢራውም ይከብዳል፣ ይጣፍጣል፤ እኔን ግማሽ ብርጭቆ ላይ ያንገሸግሸኛል። የወይን በርሜል ሌላ ነገር ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የወይን ጣዕም ያለው ቢራ እጠጣለሁ ብሎ የሚገዛ ሰው ገንዘቡ ያናድደዋል።

ለማስረዳት ከጠላ የተሻለ ምሳሌ የለኝም። ጋኑ በወይራ ይታጠናል። ጭሱ ጠላው ውስጥ ይኖራል፣ ግን ጠላ ጠጥቶ "ወይራ ጠጣሁ" ያለ ሰው አላየሁም። በርሜሉም እንደዚያ ነው። ቦርዶ በሚባለው የፈረንሳይ የወይን አገር የተለመደው በርሜል 225 ሊትር ይይዛል፤ ወይኑ ተቀድቶ ሲያልቅ ትንሽ እንጨቱ ውስጥ ሰርጎ ይቀራል፣ ቢራው ሲገባ ያንን ይወስዳል። ትልቁን ሥራ የሚሠራው ግን ጊዜው ነው። እንጨት ትንሽ ትንሽ አየር ያስገባል፣ ብሬታኖማይሲስ የሚባል እርሾ ሌላው እርሾ ትቶት የሄደውን ስኳር ወራት ሙሉ እየለቀመ ይበላል፣ ላክቶባሲለስና ፔዲዮኮከስ የሚባሉ ባክቴሪያዎች ደግሞ በጎን ያኮመጥጡታል። አየር ከበዛ ነገር ተበላሸ፣ አቼቶ ይሆናል። እናቶቻችን የጋኑን አፍ የሚመርጉት ለምን ሆነና።

ፍልሰታ ተፈትቶ በመጣው ቅዳሜ አክስቴ ቤት ተሰበሰብን። ጠርሙሶቹ አምስት ናቸው፣ ቀማሾቹ አራት። ዋናው ቀማሽ የአክስቴ ባል ጋሼ ናቸው፤ የደብረ ብርሃን ሰው፣ ከጠላ ሌላ መጠጥ አለ ብለው የማያምኑ።

መጀመሪያ የሠራሁትን ስህተት ልናዘዝ። ጠርሙሶቹን ሌሊቱን ሙሉ ፍሪጅ አሳድሬ እንደ በረዶ ቀዝቅዘው ነው የከፈትኳቸው። ምንም አይሸቱም፣ ኮምጣጣ ውሃ ናቸው። ከፍሪጅ አውጥታችሁ ሰላሳ ደቂቃ ያህል ጠረጴዛ ላይ አቆዩአቸው፣ ከ10 እስከ 13 ዲግሪ አካባቢ ሲደርሱ ነው የሚናገሩት። የቢራ ብርጭቆም አይሆንም፣ የወይን ብርጭቆ አምጡ።

በቤልጂጎቹ ጀመርን፣ ለማነጻጸሪያ። ዱሼስ ደ ቡርጎኝ 6.2 በመቶ አልኮል ያለው፣ በእንጨት የቆየ የምዕራብ ፍላንደርስ ቢራ ነው። የቼሪ ማርማላታ ላይ አቼቶ ጠብ ያደረጉበት ይመስላል። አክስቴ ወደዱት፣ የአክስቴ ልጅም ወደደው። ለጀማሪ ይሆናል፤ ለእኔ ስኳሩ በዛብኝ፣ ብርጭቆዬን አልጨረስኩም።

ሁለተኛው ሮደንባክ ግራን ክሩ ነው። እውነቱን ለመናገር ይሄኛው የወይን በርሜል አያውቅም። ሩሰላሬ በምትባል ከተማ፣ ከሰው ቁመት በብዙ በሚበልጡ የኦክ እንጨት ጋኖች ውስጥ ነው የሚቀመጠው፤ ከነዚህ ጋኖች 294 አሏቸው። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ሲሶው ለጋ ቢራ፣ የቀረው ሁለት ዓመት የቆየ ነው። ኮምጣጣነቱ ጥርት ያለ ነው፣ የሚሰነፍጥ አይደለም፣ አልኮሉም 6 በመቶ ብቻ ስለሆነ አይከብድም። ዋጋው ከካሊፎርኒያዎቹ በጣም ይቀንሳል። ለጋሼ አንድ ወሬ ነገርኳቸው፦ ደብረ ብርሃን ላይ ሐበሻ ቢራ ሲቋቋም ገንዘብ ያስገባው የሆላንዱ ስዊንክልስ ቤተሰብ ነው፤ ያው ቤተሰብ በ2016 የሮደንባክ ባለቤት የሆነውን ፓልም የሚባል የቤልጂግ ጠማቂ አብላጫ ድርሻ ሲገዛ ሮደንባክም አብሮ እጁ ገባ። ብርጭቆውን አነሱና በመብራት አዩት። "እና ይሄን ለምን አገሬ አያመጡትም?" አሉ። መልስ የለኝም።

እግረ መንገዴን፣ ጊዮርጊስ ቢራን የያዘው ካስቴል ዝዋይ ላይ የወይን መጥመቂያ አቋቁሞ ነበር። ቢራውም ወይኑም የአንድ ቤት ነበር ማለት ነው። አንድ ሰው እስቲ አንዱን በርሜል ጥቁር ቢራ ሞልቶ ይሞክረው። እኔ ለመጀመሪያው ጠርሙስ ከአሁኑ ተሰልፌያለሁ።

ሦስተኛው ከሰፈራችን አንድ ሱቅ የገዛሁት ነው፤ የቢራውንም የሱቁንም ስም አልጠራም። ፀሐይ በሚገባበት መስኮት ሥር ተደርድሮ አይቼዋለሁ፣ አይቼም ገዛሁት፣ ጥፋቱ የእኔም ነው። ሲከፈት የራሰ ካርቶን ሸተተ። ጋሼ አንድ ጊዜ ቀምሰው "ይሄ ቅራሪም አይሆን" ብለው ገፉት። ወደ ገንዳ ደፋነው። ውድ ቢራ ስትገዙ ሱቁ የት ነው የሚያስቀምጠው የሚለውን እዩ፣ ጨለማና ቀዝቃዛ ቦታ ካልሆነ ውጡ።

አሁን ወደ መጣንበት። ሳፕሊኬሽንና ኮንሰክሬሽን ይባላሉ፣ ምልጃና ቅደሳ እንደማለት። ስሞቹን ስተረጉምላቸው ጋሼ ሳቃቸው መጣ። "ቤተ ክርስቲያን መስሏቸው ነው እንዴ መጠጥ ቤቱን የከፈቱት?"

ሳፕሊኬሽን ቡናማ ቢራ ነው፣ 7 በመቶ። ፒኖ ኗር የሚባል ቀይ ወይን በነበረበት በርሜል ከኮምጣጣ ቼሪ ጋር አንድ ዓመት ያህል ይተኛል። ቡሹ ሲወጣ ድምፁ የሻምፓኝ ነው። አረፋው ቶሎ ይጠፋል፣ ያ ጉድለት አይደለም። ሽታው ላይ ሁላችንም ተጨቃጨቅን። የአክስቴ ልጅ ቼሪ አለ። እኔ ቼሪውን አልፌ ቆዳ ሸተተኝ፣ ዝናብ ያገኘው የበቅሎ ኮርቻ፤ የብሬታኖማይሲስ ሥራ ነው፣ ሲገልጹት ያስጠላል ብርጭቆ ውስጥ ግን ይጣፍጣል። ጋሼ ዝም ብለው ቆዩና "አጋም" አሉ። በቃ ጨዋታው አለቀ። ልክ አጋም ነው! ክረምት ሊወጣ ሲል ከቁጥቋጦ የሚለቀመው ጥቁሩ አጋም፣ መጀመሪያ ጣፈጥ ብሎ ኋላ ምላስን የሚይዘው። ያ መያዝ ከእንጨቱና ከወይኑ የመጣ ነው፣ ሻይ ሲቆይ አፍ እንደሚያደርቀው። ወይኑን በዚያ ብቻ ነው የምታውቁት፣ በጣዕም አትፈልጉት።

ከምግብ ጋር ሲሆን ደግሞ ያልጠበቅኩት ነገር መጣ። አክስቴ ለስለስ ያለ ጥብስና አይብ አቅርበው ነበር። እንጀራ ከጎረስን በኋላ ስንጠጣው ኮምጣጣነቱ ጠፋ። ምክንያቱ ሲታሰብ ቀላል ነው፤ እንጀራውም ሆነ ቢራው ኮምጣጣ ስለሆነ ምላሳችን ለምዶት የቢራውን ማኮምጠጥ ትቶ ፍሬውን ብቻ ይቀምሳል። ፈረንጆቹ ይሄን ቢራ ከአይብ ጋር ነው የሚያቀርቡት፤ እንጀራ ቢያገኙ የሚመለሱ አይመስለኝም። ጠርሙሷ እንዴት እንዳለቀች አላውቅም።

ኮንሰክሬሽን የበለጠ ጥቁር፣ የበለጠ ኃይለኛ ነው። 10 በመቶ። በርሜሉ ካቤርኔ ሶቪኞ የሚባል ሌላ ቀይ ወይን የነበረበት፣ ፍሬው ጥቁር ከረንት። ወሬው ሁሉ የእሱ ነው፣ ብዙ ሰው ከሳፕሊኬሽን ያስበልጠዋል። እኔ አልስማማም። ዘቢብ አለው፣ ቸኮላት የሚመስል ነገር አለው፣ ሽታው ያስደነግጣል፤ ግን ሁሉም ነገር አንድ ላይ ይጮኻል። ከአዋዜ ጋርማ አትሞክሩት። አልኮሉና በርበሬው ተጋግዘው ጉሮሮዬን አቃጠሉት፣ ውሃ ፍለጋ ተነሳሁ። ጋሼ ግን ይሄን ነው የመረጡት። "ይሄ ወንድ ነው፣ ያኛው የሙሽራ ነው" አሉ። አክስቴ "አንተ ምላስህ ስለማይቀምስ ነው" አሏቸው።

ሁለቱም ጠርሙሶች ሥር አተላ አለ። ቀስ ብላችሁ ቅዱ፣ የመጨረሻዋን ጣት ያህል ተዉአት። ጋሼ የኮንሰክሬሽኑን አተላ አወዛውዘው ጠጥተውታል፣ ጉሽ የለመደ ሰው ምን ትለዋለህ።

ድጋሚ የምገዛው፦ ሳፕሊኬሽን ሁለት፣ ሮደንባክ ሦስት ወይም አራት። ኮንሰክሬሽን ለብቻዬ አልገዛም፣ አራት ሰው ካዋጣ ብቻ። ዱሼስን ለአክስቴ።

ከኮንሰክሬሽኑ ግማሽ ያህሉ ተርፎ ነበር። ቡሹ ተመልሶ አልገባ ስላለን በፕላስቲክ ሸፍነን ፍሪጅ አስገባነው። በማግስቱ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሳየው አረፋው ሞቷል። ቀዳሁት። ጩኸቱ ሁሉ ጸጥ ብሏል፣ ከረንቱና ቸኮላቱ ብቻ ቀርተዋል። ለጋሼ ደወልኩላቸው። "አልነገርኩህም?" ብለው ስልኩን ዘጉት።