እንግዳ የእንግሊዝኛ ቅጽል ሲያጋጥም፦ በታትኖ መገመት ወይስ መዝገበ ቃላት መግለጥ?

ግምት ፈጣን ነው፤ ንባብንም አያቋርጥም። መጀመሪያ ቅጽሉ የሚገልጸውን ስም ይፈልጉ፤ ቀጥሎ ዓረፍተ ነገሩ እያሞገሰ ነው ወይስ እየነቀፈ ብለው ይጠይቁ፤ ከዚያ የቃሉን መጨረሻ ይመልከቱ። «ለስ» የሌለው ማለት ነው፤ «ፊርለስ» ፍርሃት የሌለው። «ኢሽ» ከቀለም ጋር ሲመጣ ወደዚያ የሚያደላ ማለት ነው፤ «ግሪኒሽ» አረንጓዴ አረንጓዴ የሚል።

ግን መልክ ያታልላል። «ኖይሰም» ከ«ኖይዝ» የመጣና ጫጫታን የሚገልጽ ይመስላል፤ ትርጉሙ ግን የሚከረፋ ነው። «ኢንፍላመብል» ደግሞ ከፊቱ ያለው «ኢን» አፍራሽ ስለሚመስል የማይቀጣጠል ያሰኛል። በቀላሉ የሚቀጣጠል ማለት ነውና፣ ዕቃ ላይ ተጽፎ ሲያዩት እንዲህ ያለው ስሕተት ለአደጋ ይዳርጋል።

መዝገበ ቃላት ጊዜ ይወስዳል፤ የቃሉን ስሜት የሚያሳየው ግን እሱ ነው፣ በተለይ ለቋንቋ ተማሪዎች የተዘጋጀው እንግሊዝኛ በእንግሊዝኛ። ወደ አማርኛ የሚተረጉመው «ስሌንደር»ንም «ስኪኒ»ንም «ቀጭን» ብሎ ሊያልፍ ይችላል። የመጀመሪያው አድናቆት ነው፤ ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ነቀፌታ አለበት፣ ሰው ላይ ሲነገር ያስከፋል። «ቻይልድላይክ» የልጅ የዋህነትን ያወድሳል፤ «ቻይልዲሽ» ግን ትልቅ ሰውን ይወቅሳል።

ስለዚህ ሲያነቡ ይገምቱ፤ ሊጽፉበት ከሆነ ግን ሳይገልጡ አይጠቀሙ። ሲገልጡም ከፍቺው በፊት ምሳሌዎቹን ያንብቡ፤ ቃሉ ከየትኛው ስም ጋር እንደሚሄድ የሚታየው እዚያ ነው። የቆየ ዳቦ «ስቴል»፣ የኮመጠጠ ወተት «ሳወር»፣ ሽታው የተለወጠ ቅቤ «ራንሲድ» ነው፤ አንዱን በሌላው ቦታ መተካት አይቻልም።